ገደቤን ጨርሻለሁ፤ ፍርዱ ለምን አልተሰረዘም?

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሹፌርነት እሠራለሁ። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ተጣልቼ በጠርሙስ ግንባሩን መታሁት። በጥር 2009 ዓ.ም. ስምንት ወር ቀላል እስራት ተፈረደብኝና በሁለት ዓመት ገደብ ተለቀቅኩ። ከጓደኛዬ ጋር በሽማግሌ ታርቀናል፤ የሕክምና ወጪውንም ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ተከስሼ አላውቅም። አሁን አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሊቀጥረኝ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ጠየቀኝ፤ አሻራ ሰጥቼ ስጠብቅ ያ የድሮ ፍርድ ወጣ። አንዱ ከአምስት ዓመት በኋላ በራሱ ይሰረዛል ይለኛል፤ ሌላው ገንዘብ ካለህ ከኮምፒውተር አስጠፋልሃለሁ ይለኛል። ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነች ማመልከቻ አስገብታልኛለች። ቆንስላው ሲጠይቀኝ ልናገር ወይስ ልተወው?»

ምላሽ፦

በራሱ አይሰረዝም። ገንዘብ ተቀብሎ ከኮምፒውተር አጠፋለሁ የሚልዎት ሰው ደግሞ ወይ ገንዘብዎን ይዞ ይጠፋል፣ ወይ ሁለተኛ ፋይል ያስከፍትብዎታል። በሕግ ማሰረዝ ግን ይችላሉ፤ በእኔ ስሌት ይህን የመጠየቅ መብት ካገኙ ዓመታት አልፈዋል። ስረዛው ለአገር ውስጥ ሥራ ሙሉ ዋጋ አለው። ለአሜሪካ ቪዛ ግን ያለው ዋጋ እርስዎ የሚያስቡት አይደለም፤ በዚያ በኩል የሚጎዳዎት ፍርዱ ብቻ ሳይሆን ዝምታዎም ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ገደብን እንመልከት። ብዙ ሰው «በገደብ ተለቀቅኩ» ሲል «ነጻ ወጣሁ» ማለቱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ሁለት ዓይነት ገደብ አለው። የአንቀጽ 191 ገደብ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛነቱን ወስኖ ቅጣቱን ሳይወስን የሚያቆይበት ነው፤ ሰውየው የገደቡን ጊዜ በሰላም ከጨረሰ ጥፋተኛ መባሉ ራሱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የአንቀጽ 192 ገደብ ግን ሌላ ነው። ቅጣቱ ይወሰናል፣ ልኩም በፍርዱ ላይ ይሰፍራል፤ የሚቆመው አፈጻጸሙ ብቻ ነው። ጊዜው በሰላም ሲያልቅ ማረሚያ ቤት መግባት ይቀርልዎታል እንጂ ፍርዱ ከነሌላው ውጤቱ በመዝገብ ላይ ይቆያል። ለእርስዎ «ስምንት ወር» ተብሎ ቅጣቱ ስለተወሰነ የእርስዎ ገደብ ሁለተኛው ነው። አሻራዎን የመረመረው ክፍል ፍርዱን ማውጣቱ ስሕተት አይደለም።

እርቁም ፍርዱን አይነካውም። ቀላል የአካል ጉዳት በተበዳዩ የግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስስበት ጊዜ፣ ከፍርድ በፊት አቤቱታው ቢነሳ ክሱ ሊቆም ይችላል። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ግን ተበዳዩ ይቅር ቢል፣ ሽማግሌ ቢመርቅ፣ አብራችሁ ክርስትና ብትነሱ፣ ውሳኔው ባለበት ይኖራል። ቢሆንም የእርቅ ሰነዱን አይጣሉት፤ ቆይተን እንፈልገዋለን።

የአምስት ዓመቱ ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የማይሞተው። የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ድረስ «መሰየም» ስለሚባል ነገር ይደነግጋል። በአጭሩ፣ ቅጣቱን የጨረሰና ጠባዩን ያሳመረ ሰው ፍርዱ እንዲሰረዝለት የሚጠይቅበት መንገድ ነው። ለዚህ መጠበቅ ያለበት ጊዜ ፍርዱ ጽኑ እስራት ከነበረ አምስት ዓመት፣ በሌሎቹ ቅጣቶች ሁለት ዓመት ነው። ወሬው የጽኑ እስራቱን ጊዜ ያዘና «በራሱ» የሚለውን ከየት እንደሆነ እንጃ ጨመረበት። ሕጉ ስረዛውን የሚሰጠው ለአመለከተ ሰው ነው። ያላመለከተ ሰው ሃያ ዓመት ቢቆይም ፍርዱ አብሮት ያረጃል።

የእርስዎን እንቁጠር። ፍርዱ በጥር 2009 ነው፤ ገደቡ በጥር 2011 አልቋል። በጣም ጥንቃቄ የተሞላበትን አቆጣጠር ብንወስድና ሁለቱን ዓመት ከገደቡ ማብቂያ ብንጀምር እንኳ ጥር 2013 ላይ ይሞላል። ጊዜው አልፏል። ከጊዜው ሌላ ፍርድ ቤቱ የሚመለከታቸው ነገሮች አሉ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ በእስራት የሚያስቀጣ ሌላ ፍርድ አላረፈብዎትም ወይ? ተጨማሪ ቅጣት ወይም ክልከላ ከነበረስ አብቅቷል ወይ? ጠባይዎ እንዴት ነበር? በፍርዱ ላይ ካሳና ወጪ ክፈል ተብሎ ከነበረ አቅምዎ በፈቀደ መጠን ከፍለዋል ወይ? የእርቅ ሰነዱ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። በራሱ ምንም አይሰርዝም፤ ነገር ግን ተበዳዩ «የሕክምና ወጪዬ ተከፍሎኛል፣ ቅሬታ የለኝም» ብሎ የፈረመበት ወረቀት የካሳውን ጥያቄ በአንድ ገጽ ይዘጋዋል። የቀበሌ ወይም የወረዳ የነዋሪነት ድጋፍ ደብዳቤና የአሠሪዎ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከዚህ ጋር ይያያዛሉ።

ማመልከቻው የሚገባው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ ከተፈረደ በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይሆናል፤ ጉዳዩን ያየውን ምድብ ችሎት ከውሳኔው ላይ ያገኙታል። ክልል ውስጥ የተፈረደበት ሰው አዲስ አበባ ስለሚኖር ብቻ እዚህ ማመልከት አይችልም፤ ወደ ፈረደው ፍርድ ቤት ይመለሳል። ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን አስተያየት ሊጠይቅ ይችላል። ማመልከቻው ራሱ ረጅም መሆን የለበትም። የመዝገብ ቁጥር፣ የፍርዱ ቀን፣ የቅጣቱ ዓይነትና መጠን፣ ገደቡ ያለቀበት ቀን፣ የተያያዙት ማስረጃዎች፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፤ ሁለት ገጽ ይበቃል። ስለ ልጅነትዎ ችግር አምስት ገጽ የሚጽፍልዎት ጸሐፊ ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ያስመልሱ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሰናከልበትን ነገር ልንገርዎት። አንድ ደንበኛ የመሰየም ውሳኔውን በላስቲክ ሸፍኖ፣ አጥፎ፣ ዓመት ሙሉ በቦርሳው ይዞት ከዞረ በኋላ ወደ እኔ መጣ። ፍርድ ቤቱ ሰይሞታል፤ አሻራ በሰጠ ቁጥር ግን ፍርዱ ይወጣል። ውሳኔውን ተቀብዬ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አየሁ። «አመልካች ተሰይሟል። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ይላል። በመካከል አንድ ቃል ጎድሏል፤ «ይጻፍ»። ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ ይጻፍ ካላለ መዝገብ ቤት ደብዳቤ አያወጣም፤ ደብዳቤ ካልወጣ ደግሞ የወንጀል መዝገቡን የያዘው ክፍል ስለ ውሳኔው የሚያውቅበት ምንም መንገድ የለውም። ስለዚህ በማመልከቻዎ የዳኝነት ጥያቄ ውስጥ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ለፌደራል ፖሊስ ትእዛዝ እንዲጻፍ በግልጽ ይጠይቁ። ውሳኔው ሲነበብ ቃሉ መኖሩን ያረጋግጡ። ደብዳቤው ሲወጣ ቁጥሩንና ቀኑን ይያዙ፤ መድረሱንም ሄደው ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ብቻ እንደገና አሻራ ይስጡ።

ስሙን ወይም የአያት ስሙን ቀይሮ አዲስ መታወቂያ ስላወጣ የሚያመልጥ የሚመስለው ሰውም አለ። በአገራችን ሦስት ስም ተመሳስሎ የሌላ ሰው ጥፋት የሚለጠፍበት ሰው ስለሚያጋጥም ምርመራው በስም ላይ ብቻ አይቆምም፤ ጣትዎን የሚያስነኩትም ለዚህ ነው። ጣት ደግሞ የአያት ስም የለውም። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በእሱ የሚመጣው ፍርድ ደግሞ ለአሠሪም ለቆንስላም ከጠርሙሱ ጠብ የከፋ ነው፤ ማታለልን ያሳያልና።

ከመሰየም ጋር የሚምታቱ ሁለት ቃላት አሉ፤ በፍጥነት ልለያቸው። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ይቀንሳል፤ ፍርዱ ግን በመዝገብ ላይ ይቆያል። በበዓል ዋዜማ በይቅርታ የሚለቀቁ ታራሚዎች ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ሲጠይቁ የሚደነግጡት ይህን የሚነግራቸው ስለማይኖር ነው፤ እነሱም ጊዜውን ጠብቀው መሰየምን ማመልከት አለባቸው። ምሕረት ግን ፍርዱን ራሱን እንዳልነበረ ያደርገዋል፤ የሚሰጠውም በሕግ ለተወሰኑ የወንጀል ዓይነቶች ነው፤ በ2010 ዓ.ም. በአገር ክህደትና መሰል ወንጀሎች ለተጠረጠሩና ለተፈረደባቸው እንደተሰጠው ማለት ነው። የግሮሰሪ ጠብ እዚያ ውስጥ አይገባም።

ወደ ሥራው እንምጣ። ከተሰየሙ በኋላ ሕጉ ፍርዱን ለወደፊቱ እንደሌለ ይቆጥረዋል። በፍርዱ ምክንያት ያጡት መብት ካለ ይመለስልዎታል፤ ያንን ያለፈ ጥፋት እያነሳ የሚሰድብዎ ወይም ስምዎን የሚያጠፋ ሰውም «እውነት ነው የተናገርኩት» ብሎ አያመልጥም። ስለዚህ ለአገር ውስጥ አሠሪ የወንጀል ፍርድ የለብኝም ማለት ውሸት አይሆንም። ውሳኔው ሊሻር እንደሚችል ግን ይወቁ፤ ከተሰየመ በኋላ ከባድ ወንጀል የፈጸመ ሰው የተሰጠው ይነጠቃል።

አሁን ባሉበት፣ ማለትም ፍርዱ ወጥቶ ገና ሳይሰየሙ፣ ድርጅቱን ምን ይበሉት? ሕጉ አዲስ ሰው ቅጠር ብሎ የግል ድርጅትን አያስገድድም፤ እምቢ ሊሉዎት ይችላሉ። ሆኖም የሹፌር ቀጣሪ በዋናነት የሚፈራው የመንጃ ፈቃድ ችግር፣ ስካርና ስርቆት ነው። ለሰው ሀብት ክፍሉ አንድ ገጽ ጽፈው፣ ጉዳዩ መቼና ምን እንደነበረ ገልጸው፣ የመሰየም ማመልከቻ ያስገቡበትን መዝገብ ቁጥር አያይዘው ጊዜ ይጠይቁ። በሥራ ላይ ያለ ሰው የተሻለ ጥበቃ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወንጀል ፍርድን ለስንብት ምክንያት የሚያደርገው ፍርዱ ሠራተኛውን ለያዘው ሥራ የማይመጥን ሲያደርገው ነው፤ የአሥር ዓመት ጠብ ሹፌርን ከመሪ ያወርደዋል ብሎ መከራከር ለአሠሪው ቀላል አይሆንለትም። ገንዘብ ያዥ ሆኖ በእምነት ማጉደል የተፈረደበት ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው። የመንግሥት ቅጥር ላይም ችግር የሚያመጡት በተለይ እንደ ስርቆት፣ ማጭበርበርና እምነት ማጉደል ያሉት ናቸው።

የአሜሪካው ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። የኢሚግራንት ቪዛ ማመልከቻው፣ ዲኤስ 260 የሚባለው ቅጽ፣ ተይዘው ወይም ተፈርዶብዎት ያውቃሉ ወይ ብሎ ብቻ አያቆምም፤ ይቅርታ ወይም ምሕረት ወይም ሌላ ተመሳሳይ ነገር የተደረገለትንም ጭምር ይናገሩ ይላል። መሰየም «ሌላ ተመሳሳይ ነገር» ነው። ስለዚህ መልስዎ «አዎ» ነው፤ ከመሰየምዎ በፊትም በኋላም «አዎ» ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የውጭ አገር ፍርድ ቤት ስለሰረዘው ብቻ ፍርዱን አይረሳም። እዚያው አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖችም በዚህ ይጎዳሉ፤ የግዛቱ ፍርድ ቤት ሰርዞልኛል ብለው የግሪን ካርድ ወይም የዜግነት ቅጽ ላይ «የለም» ብለው ይሞላሉ፤ የፌደራሉ ኢሚግሬሽን ግን ያንን ስረዛ በአብዛኛው አይቀበልም።

«አዎ» ማለት ተከለከልኩ ማለት አይደለም። ቆንስላው የሚጠይቀው ጥፋቱ በእነሱ ሕግ የሞራል ዝቅጠት ያለበት ወንጀል ነው ወይ የሚለውን ነው። ተራ ድብደባ በአብዛኛው እዚያ ውስጥ አይመደብም፤ በአደገኛ መሣሪያ የተፈጸመ ድብደባ ግን ሊመደብ ይችላል። የእርስዎ ጠርሙስ አሁን ከፍርዱ ወረቀት ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው እዚህ ነው። የተፈረደብዎት በየትኛው አንቀጽ ነው? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556 ንዑስ 1 ከሆነ ከፍተኛው ቅጣት አንድ ዓመት ቀላል እስራት ነው። በንዑስ 2 ከሆነ፣ ጉዳት ሊያደርስ በሚችል መሣሪያ የተፈጸመው የሚገባው እዚያ ነው፣ እስከ ሦስት ዓመት ይደርሳል። አንቀጽ 555 ከሆነ ከባድ የአካል ጉዳት ስለሆነ ነገሩ ይከብዳል። አሜሪካኖቹ ለአንድ ጊዜ ትንሽ ጥፋት የሚያደርጉት አስተያየት አለ፤ የሚሠራው ግን የወንጀሉ ከፍተኛ ቅጣት ከአንድ ዓመት ካልበለጠና የተወሰነው እስራት ከስድስት ወር ካልበለጠ ነው። የእርስዎ ስምንት ወር ነው። «አንድም ቀን አልታሰርኩም እኮ» እንዳይሉ፤ በገደብ የቆመ እስራትም እንደተፈረደ ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል።

ያ አስተያየት ባይደርስዎትም ሌላ መንገድ አለ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነች ባለቤት ያለው ሰው፣ የእሱ መከልከል በእሷ ላይ እጅግ ከባድ ችግር እንደሚያመጣ በማስረዳት አይ 601 በሚባለው ቅጽ ክልከላው እንዲነሳለት መጠየቅ ይችላል። ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል፤ ውጤቱም በኃላፊው ሥልጣን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ እርግጠኛ አይደለም። የመሰየም ውሳኔዎ በአሜሪካ የሚጠቅመው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ፍርዱን አያጠፋም፤ ሰውየው መታረሙን የአገሩ ፍርድ ቤት መርምሮ የመሰከረበት ወረቀት ግን ይሆንልዎታል። በአንጻሩ ከደበቁና ከተገኘብዎት፣ ጥፋቱ ራሱ የማያስከለክል ሆኖ ሳለ እንኳ፣ በማጭበርበር ምክንያት ዕድሜ ልክ የሚከተል እገዳ ሊመጣብዎት ይችላል። ካደረጉት ነገር ይልቅ በደበቁት ነገር የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ሌሎቹን አገሮች አሳጥራለሁ። ካናዳ የራሷን ሚዛን ትጠቀማለች፤ ቅጣቱ ካለቀ አምስት ዓመት ከሞላ በኋላ ታርሜአለሁ ብሎ ለካናዳ ኢሚግሬሽን ማመልከት ይቻላል። ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚጠየቀው የተረጋገጠ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ስለሆነ ለእሱ መሰየም ትልቅ እፎይታ ነው። እዚያው ተፈርዶበት አሻራው ተወስዶ የተባረረ ሰው ግን አዲስ አበባ ምንም ቢያደርግ ያንን አያጠፋም፤ የእኛ ፍርድ ቤት የሚሰርዘው የእኛን ፍርድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ቅደም ተከተሉን እንዳያዛቡ ነው። ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት መዝገብ ቤት ሄደው የውሳኔውን በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ ያውጡ፤ አንድ ሳይሆን ሦስት ቅጂ። ቆንስላው ፍርዱ ቢሰረዝም የፍርድ ቤቱን ሰነድ ይጠይቃል፤ ከስረዛ በኋላ የቆየ መዝገብ ፍለጋ መንከራተት ደግሞ አድካሚ ነው። በዚያው ሳምንት የመሰየም ማመልከቻውን ያስገቡ፤ «ይጻፍ» የሚለውን ቃል ይከታተሉ። አንዱን ቅጂ በተፈቀደለት ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው ለባለቤትዎ ይላኩ፤ እሷም የአሜሪካን ኢሚግሬሽን ሕግ ለሚያውቅ ጠበቃ ታሳየው። ዲኤስ 260 ገና ካልተሞላ ጠበቃው አንቀጹን ሳያይ እንዳይሞላ፤ አስቀድሞ «የለም» ተብሎ ተሞልቶ ከሆነ ደግሞ ከቃለ መጠይቁ በፊት ይታረም፤ መስኮቱ ጋ ከደረሱ በኋላ የሚደረግ እርማት ክብደቱ አንድ አይደለም።